«ጊዜያዊ» የምትባል ቃል

በአማርኛችን ውስጥ «ጊዜያዊ»ን ያህል የምጠራጠራት ቃል የለችም። ባደግኩበት ሰፈር «ለጊዜው ነው» ተብሎ የቆመ የቆርቆሮ አጥር ነበር። ጎርምሼ ሥራ ስይዝም ዝጎ እዚያው ነበር። አጥር መንገደኛን ቢያስቸግር ነው፤ ሕግ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል።

1967 ዓ.ም. ለዚህች ቃል የተለየ ዓመት ነበር። መስከረም 2 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሥልጣን የያዘው አካል ራሱን «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ብሎ ጠራ። ያ «ጊዜያዊ» አሥራ ሦስት ዓመት ቆየ።

በዚያው ዓመት ኅዳር 12 ቀን በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ በሁለት መጠጥ ቤቶች ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሞቱ። በስምንተኛው ቀን አንድ የፀረ ሽብር ሕግ ጸደቀ፤ ስሙ ላይ «ጊዜያዊ ድንጋጌዎች» የሚል ሰፍሮበታል። ፖሊስ ተጠርጣሪን ያለ ክስ 48 ሰዓት፣ ሚኒስትሩ ከፈቀዱ ደግሞ ተጨማሪ አምስት ቀን እንዲይዝ አስቻለ። ዕድሜው ስድስት ወር ብቻ ነበር። ሕጉን ያቀረቡት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሮይ ጄንኪንስ ራሳቸው፣ ሥልጣኑ እጅግ ከባድና በሰላም ጊዜ ታይቶ የማይታወቅ መሆኑን አልሸሸጉም።

መቼም በሐዘን ላይ ያለ ሕዝብ እንዲህ ያለ ሕግ ቢያወጣ አልፈርድበትም። ቀን መቁረጣቸውንም አደንቃለሁ። ግን ቀኑ ሲደርስ ምን ሆነ? ታደሰ። በ1976 (በእነርሱ አቆጣጠር ነው) በሌላ ሕግ ሲተካ የእድሳቱ ጊዜ ወደ አንድ ዓመት ረዘመ። በ1984 እና በ1989ም እንደገና ወጣ። በ2000 የወጣው የሽብርተኝነት ሕግ በቦታው ሲተካ ደግሞ፣ ተተኪው ቋሚ ሕግ ነበር። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ማለት ይኸው ነው።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 ቀን ቆርጧል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲጸድቅ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በዚያው የድምፅ ብዛት በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። ስንት ጊዜ? ገደብ አልተቀመጠለትም። መስከረም 28 ቀን 2009 ዓ.ም. የታወጀው አንድ ጊዜ ታድሶ ሐምሌ 28 ቀን ተነሣ፤ አሥር ወር ሙሉ መሆኑ ነው።

እንግዲህ እኔ የምመኘው ቀላል ነገር ነው። የእድሳቱ ቀን ሲደርስ እጅ ከመውጣቱ በፊት ጥያቄ ይቅደም። ስንት ሰው ተያዘ? ስንቱ ተከሰሰ? ስንቱ በነጻ ተለቀቀ? አደጋው ዛሬም አለ ወይስ ሥልጣኑ ተለመደ? መልስ ካልተገኘ ሕጉ በቀኑ ይሙት። ለምክር ቤቱ አባል እድሳት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ያለ ክስ ለተያዘው ሰው ግን እያንዳንዱ ሌሊት ሙሉ ሌሊት ነው።