ለብዙ ሰው የሚጻፍ መልእክት

ልጅ ሳለሁ በገዳሪፍ ከተማ የነበረኝ ሥራ ደብዳቤ ማንበብ ነበር። ሥራ ማለቴ ደመወዝ ኖሮት አይደለም፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ወይም አንድ እፍኝ ሰሊጥ ባገኝ ብዙ ነበረ። ወላጆቼ በ1977 ዓ.ም. በረኀቡ ምክንያት ከትግራይ ተነሥተው ድንበሩን ከተሻገሩት እጅግ ብዙ ሰዎች መካከል ስለ ነበሩ፣ እኔ የተወለድሁትም ያደግሁትም በዚያው በምሥራቅ ሱዳን ነው። ሚሲዮናውያን ለስደተኛ ልጆች በከፈቱት ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ተማርሁ፣ በሰፈራችን ፊደል ከቈጠሩት ጥቂቶች አንዱ ነበርሁ። ደብዳቤው ከሁመራ በጭነት መኪና ሹፌሮች እጅ፣ ወይም ለማሽላና ለሰሊጥ አረም በሚመጡ የቀን ሠራተኞች ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ይደርስ ነበር። ላብ ያራሰውና ጥግ ጥጉ የተቀደደ ወረቀት ነው። በደረሰ ጊዜም የተጻፈለት ሰው ብቻውን አይሰማውም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ቡና ይፈላል፤ እኔም በመካከል ቆሜ ጮኽ ብዬ አነብባለሁ።

በትምህርት ቤት ቀኑ ከወረቀቱ በየትኛው በኩል እንደሚጻፍ፣ ኅዳጉ ስንት ጣት እንደሚሆን፣ ስምና ፊርማ የት እንደሚቀመጡ በብርቱ ተምረናል። መምህራችን ስለ ኅዳጉ ይቈጡ የነበረውን ያህል ስለ ሌላ ነገር ሲቈጡ አላየሁም። ነገር ግን የደብዳቤን ዋና ሥርዓት ያስተማሩኝ ፊደል ያልቈጠሩት አክስቴ ናቸው። «ወደይ» አሉኝ አንድ ቀን፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ድምፅህን ከማውጣትህ በፊት ዓይንህ እስከ መጨረሻው ይሂድ።»

ምክንያቱን የተረዳሁት በ1993 ዓ.ም. ነው። አንዲት ጎረቤታችን ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ ሰጡኝ። ሰላምታው ገጹን እኩሌታ ይሞላል፤ ከሰላምታው በታች ግን የልጃቸው ሞት ተጽፎአል። እናትየው ሻይ ቀድተው በፊቴ አስቀምጠው በፈገግታ ይጠብቁኛል። እኔም «ጽሕፈቱ አልነበብ አለኝ፤ መምህሬን ልጠይቅ» ብዬ አጥፌው ወጣሁና ለአክስቴ ነገርኋቸው። አክስቴም ለሽማግሎች ነገሩ። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ወንዶቹም ሴቶቹም ተሰብስበው ወደ ቤቱ ሄዱ፤ ከመርዶው በፊት ውኃ የሚያቀርብ፣ የሚደግፍ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ በቦታው ነበረ። ያን ሻይ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ እየዋሸሁ ጠጥቼዋለሁና።

ዘመን አልፎ እኔም እናቴን ይዤ ወደ አገሬ ተመለስሁ፤ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ክፍል ተቀጠርሁ። አክስቴ በገዳሪፍ ቀሩ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በተጀመረ ጊዜ በትግራይ ስልክ ተቋረጠ፤ ከ60,000 በላይ የሚሆን ሕዝብም በሐምዳይትና በሌሎች በሮች ወደ ሱዳን ተሻገረ። ከ1977ቱ ስደተኞች ከፊሎቹ ያረፉበት እም ራኩባ እንደ ገና የስደተኞች መጠለያ ሆነ። ራኩባ በሱዳን ዐረብኛ ዳስ ነው፤ ቦታው የዳስ እናት መባሉ ነው። አክስቴ እዚያ የነበረ አንድ ዘመዳችንን ሊጠይቁ ሄደው ሳሉ፣ በሽሬ ለሚኖሩት ወንድማቸው በቀይ መስቀል በኩል መልእክት አስጻፉ።

የቀይ መስቀል መልእክት ያልታሸገ ወረቀት ነው። የቤተ ሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበታል፤ ሠራተኞቹም ከማስተላለፋቸው በፊት ያነቡታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜማ ለሲቪል ሰው የተፈቀደው 25 ቃል ብቻ ነበር። ይህ ለብዙ ሰው ጭንቅ ይመስለዋል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የጽሕፈት ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም፤ የማያውቁት ሰው ዓይን እንደሚያልፍበት ያወቀ ጸሓፊ ቃሉን ይመርጣልና። አክስቴ ያስጻፉት «ደኅና ነን፤ ጉልበትህን አትንቀለው፤ ቡና ስናፈላ ስምህን እንጠራለን» የሚል ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ የአጎቴ መልስ መጣ፤ «እኔም ደኅና ነኝ» ይላል። የስኳር ሕመማቸው እየጠናባቸው እንደ ነበረ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በገዳሪፍ ያደግን ሰዎች በዋትሳፕ አንድ የጋራ መልእክት መለዋወጫ፣ በተለምዶ ግሩፕ የሚባለውን፣ አቋቁመን ነበር። ከመቶ የምንበልጥ ሰዎች በገዳሪፍ፣ በካርቱም፣ በሽሬ፣ በጅዳ፣ በሜልበርን ተበትነን እንገናኝበታለን። ሜልበርን ያለው ማለዳ ተነሥቶ «እንደምን ዐደራችሁ» ሲል በገዳሪፍ ሰው ሊተኛ ነው። ሱዳንና ኢትዮጵያ እንኳ ፀሐዩ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሱዳን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለ መለሰች በአንድ ሰዓት ይለያያሉ። ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ነው፤ ይታለፋል።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በትግራይ ከተሞች ስልክ እንደ ገና መሥራት ጀመረ። የሁለት ዓመት ደስታም፣ የሁለት ዓመት ኀዘንም በአንድ ሳምንት መጣ። ከሽሬ ተደውሎ አጎቴ በ2014 ዓ.ም. ማረፋቸው ተነገረኝ። እናቴ ከእኔ ጋር ስለሚኖሩ እንደ ሥርዓቱ አደረግሁ፤ ጎረቤት ሰበሰብሁ፤ ንስሐ አባታቸውን ጠራሁ፤ በማለዳ ተረዱ። ከዚህ በኋላ፣ በዚያው ጧት፣ ስልኬን አነሣሁና ለሁሉም ጻፍሁ። የአጎቴን ሙሉ ስም ከነአባታቸው፣ የሞቱበትን ወር፣ የተቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን፣ በመጨረሻም ነፍስ ይማር። ቀኑ በቦታው፣ ስሙ በቦታው ነበረ። መምህሬ ቢያዩት እርማት አያገኙበትም ነበር።

አክስቴ በገበያው ዳር ቡና እያፈሉ ይሸጣሉ። ስልኩን የምታነብላቸው የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት። ልጅቷ ከአዲስ አበባ መልእክት መጣ ብላ ደስ ብሏት ጮኽ ብላ አነበበችው። ጀበናው እሳት ላይ ነበረ፤ በዙሪያቸው የተቀመጡት ስማቸውን እንኳ የማያውቁ ቡና ጠጪዎች ነበሩ። እናቴን ደግፎ የያዘ ሰው አሥራ ሁለት ነበረ፤ አክስቴን የያዘች አንዲት ሕፃን ናት።

በዚህም አላበቃም። የግሩፑ ሰው ሁሉ በየተራ «ነፍስ ይማር» ብሎ መለሰ፤ ከፊሉ የሻማ ሥዕል፣ ከፊሉ የድምፅ መዝሙር ላከ። ሁሉም ከልቡ ነው። ነገር ግን መልሱ ሁሉ ለሁሉ ስለሚደርስ ስልኩ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጮኽ ዐደረ፤ በጮኸም ቍጥር ልጅቷ ሌላ ሞት የመጣ እየመሰላት ትደነግጥ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ለአያቷ አላነብም አለች። ይህን ያወቅሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው። አክስቴ ስለ ራሳቸው አንድም አልወቀሱኝም። «ወደይ፣ ጽሕፈትህ እንደ ድሮው ያማረ ነው» አሉኝ፤ «ነገር ግን የምታነብልኝ ሕፃን መሆንዋን እንዴት ረሳህ? አንተም ሕፃን ሆነህ ነበር የምታነብልኝ።»

መልስ አልነበረኝም። በመሥሪያ ቤታችን አንድ ወረቀት ለአሥር ክፍሎች ሲመራ ማን ማን እንደሚያየው በግርጌው ይጻፋል፤ ይህን የምጽፈው እኔው ነኝ። ለገዛ ሥጋዬ ስጽፍ ግን ያን ግርጌ ረሳሁት።

በኋላ ሦስት ሽማግሎች ከገዳሪፍ ሆነው ለግሩፑ ልማድ አወጡ። መርዶ፣ የቅርብ ዘመዱ በሰው አፍ ተረድቶ አንድ ቀን ሳያልፍ በጋራ አይጻፍም። ማጽናኛም ወደ አንድ ሰው ይላካል፤ እርሱ ሰብስቦ ያደርሳል። አንዳንዱ ይህን ቢሮክራሲ ነው ብሎ አጕረመረመ፤ እኔ የቢሮ ሰው ስለ ሆንሁ ዝም አልሁ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ሰው በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጕረፍ በጀመረ ጊዜ ደግሞ ሌላ ተጨመረ፤ እገሌ ነገ ይነሣል፣ ይህን ያህል ይዞአል ብሎ በጋራ መጻፍ ተከለከለ። በዚያ መንገድ ሰው እየታገተ ገንዘብ ይጠየቅ ነበርና፣ መቶ ሰው የሚያየው ነገር ማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅም።

በጥር መጨረሻ 2016 ዓ.ም. በብዙ የሱዳን ከተሞች ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከአክስቴ ዘንድ ለብዙ ቀን ምንም ወሬ አልነበረም፤ እናቴም ስልኬ በጮኸ ቍጥር ፊቴን ያዩ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤት ሳለሁ ለእኔ ብቻ የተላከ መልእክት መጣ። ጽሕፈቱ የልጅ ነው። ከሁሉ በላይ «አጎቴ፣ መጀመሪያ ለብቻህ አንብበው» ይላል። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ፤ ዓይኔንም እንደ ልጅነቴ እስከ መጨረሻው ላክሁት። አያቴ ደኅና ናቸው። ስልኩ የሚሠራው በሰዓት እየተከፈለ ስለ ሆነ ረጅም መልስ አትጻፍ፤ ፎቶግራፍም አትላክ። ስኳር ተወድዶአል። ማንበብ ጀምሬአለሁ።

ከሁሉ በታች ደግሞ «አሁን ለእናትህ ጮኽ ብለህ አንብብላቸው» ይላል።