38 ዓመት ሙሉ ማን አበላው?

ማለዳ ስልኬን ስከፍት ሁለት ዓይነት መልእክት ይጠብቀኛል። አንደኛው ዜና ነው፤ ይህን ያህል ሰው ሞተ፣ ይህን ያህል ተፈናቀለ፣ ይህን ያህል ታገተ። ሁለተኛው የዕለቱ ወንጌል ነው፤ ንባቡ ከላይ፣ አጭር ትምህርት ከሥር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ "አሜን በሉ"። የመጀመሪያው እንጀራዬ ነው፤ ሁለተኛው ካደግኩበት ቤት ይዤው የመጣሁት። ብዙዎቻችሁም እንደኔ ሁለቱን በአንድ አውራ ጣት እንደምታሳልፏቸው እገምታለሁ። ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ግን ልዩነታቸውን ነው፤ ሁለቱ ሰውን የሚቆጥሩት በተለያየ መንገድ ነው።

የዕለት ንባብ ቴሌግራም ያመጣው ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ የሚነበበውን የምትወስንበት ግጻዌ የሚባል መጽሐፍ አላት። በቅዳሴ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክትና ከሐዋርያት ሥራ ይነበባል፤ ከዳዊት መዝሙር ምስባክ ይሰበካል፤ ከዚያ ወንጌሉ ይከተላል። ዓመታቱ ራሳቸው በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉ፤ 2017 የማቴዎስ ነበር፣ 2018 የማርቆስ ነው። ሰሚው ንባቡን አይመርጥም። የተደሰተውም ያዘነውም ለዕለቱ የተመደበውን ይሰማል። ደስ የሚለንን እየመረጠ በሚያቀርብልን ስልክ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። አፏን የፈታችው በአውንጊ ነው። ወንጌሉን በግእዝ ሰምታ፣ ትርጓሜውን በአማርኛ አድምጣ፣ ማታ ምድጃ ዳር በአውንጊ ትነግረናለች። ሦስት ቋንቋ ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከታሪኩ የሚቀረው ሰው ነው። ስለዚህ "ምን ተማርሽ?" አንላትም ነበር፤ "ዛሬስ ማን መጣ?" ነበር ጥያቄያችን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ በበጎች በር አጠገብ መጠመቂያ አለች፤ ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል። እዚያ 38 ዓመት የታመመ ሰው ተኝቷል። ኢየሱስ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ሲጠይቀው ሰውየው አዎም አይም አላለም። ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የነገረው።

አያቴ እዚህ ስትደርስ ትረካውን አቆመችና ጠየቀችን፤ "38 ዓመት ሙሉ ማን አበላው?"

መልስ አልነበረንም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልተወኝም። ሰው የለኝም ያለው ሰው በረሃብ አልሞተም። ቁራሽ የሚሰጠው፣ ውኃ የሚያቀብለው፣ ብርድ ሲሆን የሚያለብሰው ነበረ ማለት ነው። ያጣው የሚሸከመው ነው።

ዘንገናን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ፣ እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። አፋፉ ላይ ለቆመ ሰው ውኃው ቅርብ ይመስላል። ለመድረስ ግን በዛፍ የተሸፈነውን ቁልቁለት መውረድ ግድ ነው። እግር ያለው ይወርዳል፤ የሌለው ከላይ ሆኖ ያያል። ውኃ መኖሩ ብቻውን የትም አያደርስም፤ በውኃውና በበሽተኛው መሀል ትከሻ ያስፈልጋል።

በገጠሩ ይህ ትከሻ ቃሬዛ ይዞ ይመጣል። ምጥ የጠናባት እናት፣ ዛፍ ሲቆርጥ የተጎዳ ወጣት፣ እየተፈራረቁ በሚሸከሙ ጎረቤቶች አስፋልት ድረስ ይደርሳሉ። ባለፉት ዓመታት ግጭቱ መንገድ ሲዘጋ ቃሬዛው የሚሄደው መንገድ ረዘመ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ዜናውም ትምህርቱም ከስልክ ጠፋ። ግጻዌው አልጠፋም፤ ቃሬዛውም እንዲሁ። ወደ ውጭ የወጣው ወሬ ግን በአብዛኛው ቁጥር ብቻ ነበር።

ቁጥር አልንቅም። ያለ ቁጥር ተጠያቂነትም እርዳታም የለም። ነገር ግን ዮሐንስ እንዴት እንደቆጠረ ተመልከቱ። በመጠመቂያዋ ዙሪያ ብዙ ሕመምተኞች ተኝተው እንደነበር ይነግረናል፤ ስንት እንደነበሩ አይነግረንም። የአንዱን ሰው ዓመታት ግን ቆጥሮ ጽፎልናል። እኛ ጋዜጠኞች የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሕዝቡን እንቆጥራለን፣ የአንዱን ሰው ዓመታት የሚቆጥርለት የለም። ወንጌል ሕዝብ የሚቆጥርበትም ቦታ አለ፤ 5,000 ሰዎች የበሉ ቀን። እዚያም ቢሆን የአንድ ልጅ 5 እንጀራና 2 ዓሣ ሳይቆጠር አልታለፈም።

በመጻጉዕ ሰሞን በስልካችን የሚመጡት ትምህርቶች በብዛት ስለ ትዕግሥት ናቸው፤ እርሱ 38 ዓመት ጠበቀ፣ አንተም ጠብቅ። ክፉ ምክር አይደለም። ችግሩ የሚያናግረው በሽተኛውን ብቻ መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቀድመውት የገቡትን፣ ቁራሽ ሰጥተውት ያለፉትን አያናግርም። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚያ ወገን ነን። በቴሌብር 200 ብር እንልካለን፣ "እግዚአብሔር ይማርህ" ብለን እንጽፋለን። ይህ ማብላት ነው፤ ሰውየውን 38 ዓመት ያቆየውም እርሱ ነውና አይናቅም። መሸከም ግን አይደለም።

"ወንጌሉን ወደ ፖለቲካ አትውሰደው" የሚለኝ አይጠፋም። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ጥቅስ እየመዘዘ ጎራ የሚለይ ሰው አላጣንም። እኔ የምለው ግን ጎራ አያስፈልገውም። ቃሬዛ የያዘ ሰው በሽተኛው የማን ደጋፊ እንደሆነ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማን እንደደከመና ማን እንደሚቀበለው ነው።

ስለዚህ የዕለቱን ወንጌል ካነበብኩ በኋላ ትምህርቱን ከማየቴ በፊት የአያቴን ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ እሞክራለሁ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ዳር የቆመው ማን ነው? ማን አበላ? ማን አለፈ? ከዚያ በጸሎቴ የአንድ ሰው ስም እጠራለሁ፤ ከታመመ፣ ከታሰረ ወይም ከቤቱ ከወጣ ስንት ጊዜ እንደሆነው የማውቀውን ሰው። ዜናው የሚነግረኝን ሺህ ሰው መሸከም አልችልም። ቃሬዛም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ሰው ነው።

በዚያ ንባብ የዳነው ሰው የታዘዘው አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ ነው። 38 ዓመት የተኛ ሰው የመጀመሪያ ሥራው መሸከም ሆነ።

እስቲ እናንተም ዛሬ በስልካችሁ ካሉት ቁጥሮች መሀል "ሰው የለኝም" ሊላችሁ የሚችል አንድ ሰው ፈልጉ። አሜን ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉለት።