ቦታውን የማይለቅ ገጽ

ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ከእጁ የሚነጥቀው ቢመጣ ይቆጣል፤ የድረ ገጽ ጽሑፍ ከዓይኑ ሥር ሲሸሽበት ግን «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ዳሩ ግን ጥፋቱ የገጹ ሠሪ ነው፤ ዘግይቶ ለሚደርሰው ሥዕል ወይም ማስታወቂያ አስቀድሞ ቦታ አላዘጋጀም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ተማሪ በስልኩ የመመዝገቢያ ቅጽ ሞልቶ «አርም» የሚለውን ሊነካ ሲል፥ ሥዕል ከላይ ገብቶ ሁሉን ወደ ታች ቢገፋው፥ ጣቱ «ላክ» ላይ ያርፋል፤ ስሕተት ያለበት ቅጽም ይሄዳል።

ጉግል በ2020 እ.ኤ.አ. ለዚህ መለኪያ አውጥቷል። ንቅናቄው የነካው የስክሪን ክፍል፥ ነገሩ በሄደበት ርቀት ይባዛል። የስልኩን ስክሪን ግማሽ የያዘ ጽሑፍ የቁመቱን 0.2 ወደ ታች ቢንሸራተት፥ የነካው ክፍል 0.7 ነው፤ ብዜቱም 0.14 ይሆናል። እስከ 0.1 ደኅና ነው፤ ከ0.25 በላይ መጥፎ ነው።

መድኃኒቱም ቅርብ ነው፤ የሥዕሉን ስፋትና ቁመት በኮዱ ውስጥ መጻፍ፥ ለማስታወቂያም ቦታ ማቆየት። በአገራችን ለሚዘገይ እንግዳ በመሶቡ ዙሪያ ቦታ ይተውለታል እንጂ፥ አስቀድሞ የተቀመጠው ጉርሻውን እንደ ያዘ ተነሥ አይባልም።