የታመመን ስለ መጠየቅ

የታመመን ሰው ሄዶ ማየት በቋንቋችን «መጠየቅ» ይባላል። ነገር ግን ልማዳችን ብዙ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ «እግዜር ይማርህ» ብሎ መመለስ ነውና፥ ጥያቄው ራሱ ይረሳል። እኔ ቃሉ በሚገባ የገባኝ፥ በሽተኛን ሳላይ በስልክ ብቻ እንዳስታምም በታዘዝሁበት ጊዜ ነው።

የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ስለሆነ፥ የታመመውን ከብቦ መቀመጥ ጉዳት ሆነ። በኋላም ሕመሙ ያልጠናባቸው ሰዎች በየቤታቸው ተለይተው እንዲቆዩ ሲደረግ፥ እኔ ነርስ ነኝና ጧት ማታ እየደወልሁ እከታተላቸው ጀመር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ቤተ ሰብን በሙሉ ባንድ ጊዜ ጥሎ ውሃ የሚያቀብል ባሳጣ ጊዜ፥ ስልክ በየቤቱ አልነበረም። ስለዚህ ሥራው ዕድል እንደሆነ አውቄ ያዝሁት።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ነበር። «እንደምን አደሩ?» ባልሁ ቍጥር «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ» ይሉኛል። ይህ የጨዋ መልስ ነው፤ ለአስታማሚ ግን ምንም አይነግራትም። ከአልጋው አጠገብ ብሆን የከንፈሩን ቀለምና የትንፋሹን ፍጥነት ዓይኔ ይነግረኝ ነበር። በስልክ ያለኝ ጥያቄ ብቻ ነው። ስለዚህ «ደኅና ነዎት?» ማለትን ትቼ፥ «ትናንት ማታ ምን በሉ? እስከ በሩ ሲሄዱ ስንት ጊዜ ዐረፉ?» እያልሁ መጠየቅ ያዝሁ።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አምስት ቀን ሙሉ «እኔ ደኅና ነኝ ልጄ፤ ከእኔ የባሰበትን ጠይቂ» ይሉኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ማታ ድምፃቸው ቢቆራረጥብኝ፥ በዚያው ቤት ላለችው ለዐሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ደወልሁ። «አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ መስኮቱ መከፈቱን አይተሽ ከበሩ ሳታልፊ ቁሚ። ደረታቸው ከፍ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ ቍጠሪ» አልኋት። ቈጥራም «ሲስተር፥ 34 ነው» አለችኝ። ጤነኛ ትልቅ ሰው ዐርፎ ሳለ በደቂቃ የሚተነፍሰው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው፤ ከ30 ካለፈ ሕመሙ ጠንቷል ማለት ነው። በዚያው ሌሊት አምቡላንስ መጥቶ ኦክስጅን ወዳለበት ወሰዳቸው፤ ከብዙ ቀን በኋላም ድነው ተመለሱ።

ሽማግሌው አልዋሹም። ሰው ላለማስቸገር፥ ሌላውንም ለማስቀደም ብለው ነው። ደግሞም ይህ በሽታ አንዳንድ ጊዜ ለበሽተኛው የትንፋሽ ማጠር ሳይሰማው በደሙ ያለውን ኦክስጅን ይቀንሳል። ራሱ የማያውቀውን ሕመም እንዴት ይናገራል?

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ልብ በሉ። ያች ልጅ ሐኪም አልነበረችም፤ ቍጥር የምታውቅና ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ የምትናገር ነበረች። በሩቅ ያለች አስታማሚ ዕውቀት ቢኖራት ዓይን የላትም፤ በቤት ያላችሁት እናንተ ዓይኗ ናችሁ። ስለዚህ በቤታችሁ ሰው ሲታመም የበላውን፥ የጠጣውን፥ ትንፋሹንም ከነሰዓቱ በወረቀት ጻፉ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ የጻፋችሁትን አንብቡለት። እናንተም በተራችሁ ስትታመሙ «ደኅና ነኝ» የሚለውን ለሰላምታ ተዉት፤ ለሚያስታምማችሁ ግን የሚያማችሁን ንገሩት።