ማን ጠየቀኝ?

መቼም ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ለፈተና መቀመጥ ያሳፍራል። እኔን የባሰ ያሳፈረኝ ግን የምፈተንበትን ሥራ ለእናቴ ማስረዳት ማቃቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጠኝነት ተምሬ በዲፕሎማ ተመርቄያለሁ፤ እዚህም እዚያም እጽፋለሁ፤ የማድረው ግን ዛሬም አቃቂ ቃሊቲ፣ እናቴ ቤት ነው። የጽሑፍ ክፍያ ለወር አስቤዛ አልበቃ ቢለኝ፣ የስልክ መተግበሪያ የሚሠራ አንድ ድርጅት «ፕሮዳክት ማናጀር» እንደሚፈልግ ሰምቼ አመለከትሁ። ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሸመደድሁ። ምርቱን የሚጠቀምበት ማን ነው? ችግሩስ ምንድን ነው? ከሦስት ሥራ የቱን ታስቀድማለህ? መሳካቱን በምን ቁጥር ታውቃለህ? ለሁሉም ከባሕር ማዶ የመጣ መልስ አዘጋጀሁ።

የሙያውን የዘር ሐረግም አጠናሁ። ብዙዎች ጅማሬውን የሚቆጥሩት ኒል ማክኤልሮይ የተባለ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ከጻፈው ማስታወሻ ነው። ሰውየው ካሜይ የተባለውን ሳሙና ያስተዋውቅ ነበር፤ የዚያው ኩባንያ ታላቅ ሳሙና አይቮሪ ግን ይጋርድበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምርት የራሱ ተከታታይ ይኑረው፤ ሽያጩ ሲወድቅም ገበያ ድረስ ወርዶ ምክንያቱን ያጣራ አለ። በኋላ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሷል።

በፈተናው ዋዜማ እናቴ ቡና እየቆላች፣ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሠሪዎቹንም ሻጮቹንም አላዝም፤ ግን የሚሠሩት ነገር ለሰው መጥቀሙን እከታተላለሁ።»

«ሳታዝ እንዴት ታሠራለህ?»

መልስ አጣሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በሰፈራችን ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። «በአባባ ፋብሪካ ቢሆን፣ አቡጀዲው ለገዢው መስማማቱን የሚጠይቅ ሰው ማለት ነው» አልኋት።

ሳቀች። «እንዲህ ያለ ሰውማ አልነበረም! አባትህ ያመጣው አቡጀዲ ወርዱ ጠባብ ነበር። ለአንሶላ ሁለቱን መጋጠም ነበረብኝ፤ ስፌቱ መሀል ለመሀል ሲቆረቁረን ያድራል። ጎረቤቱ ሁሉ እንደዚሁ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«ለእሱማ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ምን ያድርግ? ከፋብሪካው ማን ጠየቀኝ?»

በማግስቱ ሦስት ሰዎች ፊት ተቀመጥሁ። «ያልተሳካ ምርት ንገረን» ሲሉኝ የሸመደድሁትን ትቼ የአንሶላውን ስፌት አወራሁላቸው። «አንተ ብትሆን ስኬቱን በምን ትለካው ነበር?» አሉኝ። «የተመረተውን ሜትር ትቼ፣ ለሁለተኛ አንሶላ ተመልሰው የመጡትን ሴቶች እቆጥር ነበር» አልሁ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ጻፈ። በመጨረሻም «እኛን የምትጠይቀን ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለኝም፤ አመሰግናለሁ» ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ሁሉንም አዳመጠችኝና ሲኒውን እያቀበለችኝ፣ «እነሱስ ጠየቁህ፤ አንተስ ምን ጠየቅሃቸው?» አለችኝ። ቡናው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ይኸው መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው። ምናልባት ሌላ ፈተና ቢመጣ ብዬ፣ በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ጽፌአለሁ፦ «የሠራችሁትን የሚጠቀመውን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገራችሁት መቼ ነው?»