ለከሚሴ የሚሆን ፕሮሰሰር

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተፈትኖ ከሚሴ እንደተመለሰ፣ ሪያድ የምትሠራው ታላቅ እህታችን ደወለችና “ምን ልላክልህ?” አለችው። “እትዬ፣ ጌም የሚያጫውት ኮምፒዩተር” አላት። ጥቂት ዝም ብላ “አብሽር፣ እልካለሁ። ግን ወንድምህ አይቶ ይግዛልህ” አለች። ኮምፒዩተርና ፕሪንተር እየጠገንኩ የምተዳደረው እኔ ነኝና ምርጫው እኔ ላይ ወደቀ። በሰው ቤት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ ነው፤ አንድ ሪያሉም በከንቱ እንዲወጣ አልፈለግኩም።

ገንዘቡ ሳይደርስ ገበያው ተናወጠ። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እህቴ የላከችው ሪያል ሲመነዘር በዝቶ ታየ፤ የኮምፒዩተር ዕቃ ግን ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነውና አብሮ ናረ። የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ጠዋት በስልክ የነገሩኝን ዋጋ ከሰዓት በኋላ አይደግሙትም ነበር።

መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ሁለታችንም ተሳፈርን። አጣዬን፣ ሰንበቴንና ሸዋ ሮቢትን አልፈን የጣርማበርን ዋሻ እስክንወጣ ድረስ ወንድሜ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “ኮር አይ ሰቨን ይሁንልኝ።”

አይፈረድበትም። በአገራችን የኮምፒዩተር ገበያ የመጀመሪያው ጥያቄ “ኮር አይ ስንት ነው?” የሚል ነው። መርካቶ መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር አውጥቶ “ይኸው ኮር አይ ሰቨን፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?” አለን። የወንድሜ ፊት በራ። አስነስቼ ስለ ማሽኑ የሚገልጸውን ገጽ ስከፍት 3770 ይላል። ሦስተኛ ጀነሬሽን ነው፤ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ፣ ባለ 4 ኮር። ከእሱ አሥር ዓመት ቆይቶ የመጣው ኮር አይ ስሪ 12100ም ባለ 4 ኮር ነው፤ ግን በጌም ጥሎት ይሄዳል። ሰቨን የሚለው ቁጥር ፕሮሰሰሩ ከእኩዮቹ መካከል የነበረውን ደረጃ እንጂ ዛሬ ያለውን ጉልበት አይናገርም። ባቲ የሰኞ ገበያ ወርዶ በሬ የሚገዛ ሰው ቀንዱን ብቻ አይቶ ብር አይቆጥርም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ይህን ስነግረው ወዲያው ገባው። ከዚያ በኋላ በየሱቁ “ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?” ብሎ የሚጠይቀው እሱ ሆነ።

ዞረን ዞረን ሁለት ምርጫ ቀረን፤ የኢንቴል ኮር አይ ፋይቭ 12400ኤፍ እና የኤኤምዲ ራይዘን ፋይቭ 5600ጂ። ሁለቱም 6 ኮርና 12 ትሬድ አላቸው። ሻጩ ወደ ኢንቴሉ አዘነበለ። ደህና ግራፊክስ ካርድ የሚገዛ ሰው ቢሆን እኔም እሱን እመርጥለት ነበር። ነገር ግን በስሙ መጨረሻ ያለችው ኤፍ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ እንደሌለው ታመለክታለች፤ ካርድ ካልተሰካ ስክሪኑ ላይ ምንም አይወጣም። ካርዱ ብቻውን ደግሞ ከቀረን ብር በላይ ነበር። “በኋላ ትገዛላችሁ” አለን። እህቴን ሌላ ብር ላኪ ማለት አልሆንልህ አለኝ። 5600ጂ ቬጋ የተባለውን ግራፊክስ በውስጡ ይዟል፤ ጥራቱን ዝቅ ካደረጉለት ፊፋንም ጂቲኤ ፋይቭንም ያጫውታል። ጉድለቱንም ለወንድሜ አልደበቅኩትም፦ ኤል3 ካሹ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ ፈጣን የውስጥ ሜሞሪ፣ 16 ሜጋባይት ነው፤ ግራፊክስ የሌለው 5600 ግን 32 አለው። ወደፊት ካርድ ሲጨመር ልዩነቱ ይታያል።

ቁርጡን ያሳወቀችኝ ግን ከሚሴ ራሷ ናት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከመሸ በኋላም እሳት ነው። ፕሮሰሰር ደግሞ ሙቀቱን የሚጀምረው ከክፍሉ ሙቀት ተነስቶ ነው፤ ክፍሉ በአሥር ዲግሪ ከጨመረ እሱም ያንኑ ያህል ይጨምራል። 12400ኤፍ ሥራ ሲከብደው እስከ 117 ዋት እንዲስብ ተፈቅዶለታል፤ 5600ጂ 88 አካባቢ ላይ ይገታል። በኢንቴሉ ላይ የካርዱ ዋት ሲደመር ሌላ ነው። ማታ ማታ መብራት ይወርዳል፤ አምፖሉ ይደበዝዝና አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ትንሽ ዩፒኤስ ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ የሚሰጠው ማሽኑ ጥቂት ሲስብ ነው። 5600ጂን መረጥንና በተረፈው ዩፒኤስ ገዛን።

ሻጩ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ሲያቀብለኝ መልሼ ሁለት ባለ 8 ጠየቅኩ። የውስጥ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከራሙ ነው የሚበደረው። ሁለት ራም ሲሰካ ዳታው የሚመላለስበት መንገድ በእጥፍ ይሰፋል። በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ይህን የመሰለ ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ ጥቅም የለም፤ ብዙ ሰው ግን ያልፈዋል።

ፕሮሰሰሩ ያለ ካርቶን፣ በፕላስቲክ ማቀፊያ መጣ። የዚህ ዓይነቱ እግሮች ከራሱ ሥር ናቸው፤ 1,331 ቀጫጭን እግሮች። የስልኬን መብራት ከጎን አብርቼ ረድፍ በረድፍ አየኋቸው። ማዕዘኑ አጠገብ አንዷ ዘንበል ብላለች። “ወንድሜ፣ ይቺን እያት” አልኩት ሻጩን። አጎንብሶ አየና ሳያንገራግር ሌላ አወጣልን። ከሚሴ ከገባን በኋላ ቢሆን ለመለወጥ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መመለስ ነበረብን።

ስንመለስ ኬዙን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አላስጫንኩም። የፕሮሰሰሩ ከባድ ማቀዝቀዣ ማዘርቦርዱን እንዳይጎትተው በጎኑ አስተኝተን በየተራ ጭናችን ላይ ይዘነው መጣን። እቤት እንደተከፈተ የሰፈሩ ልጆች ክፍሉን ሞሉት፤ ጎል በገባ ቁጥር በኦሮምኛና በአማርኛ ይጮሃሉ። እህታችን በኢሞ ደውላ ስክሪኑን አሳዩኝ አለች፤ ወንድሜ ስልኩን አዙሮላት እያንዳንዱን ተጫዋች በስሙ ይነግራት ጀመር።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት ምሽት፣ ጌሙ እየሄደ ሙቀቱን አየሁ፤ 81 ዲግሪ ይላል። አምራቹ የፈቀደለት ጣሪያ 95 ስለሆነ አልሰጋሁም፤ የኬዙን አቧራ ግን በየጊዜው እናራግፋለን። ወንድሜ አሁን ሱቄ ውስጥ ፎቶ ኮፒ እያነሳ ለግራፊክስ ካርድ ያጠራቅማል። 75 ዋት ብቻ የሚስበውን ጂቲኤክስ 1650 እንዲፈልግ ነግሬዋለሁ፤ ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቁ ሞዴሎች አሉት፤ ዩፒኤሱም ይችለዋል።