ስንት ናቸው?

ያደግሁት ዲንሾ ነው። ዲንሾ ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ብርዳም የባሌ ከተማ ናት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ አባቴም የፓርኩ ስካውት ነበር። ስካውት ማለት ጠመንጃ አንግቶ፣ በእግርና በፈረስ እየዞረ አራዊቱንና ደኑን የሚጠብቅ ሰው ነው። የዶርም ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "አንበሳ አይተሃል?" የሚል ነው። አንበሳ ያለው ከደጋው ባሻገር፣ ሀረና ደን ውስጥ ነው። እኔ አይቼው አላውቅም።

የእኛ አራዊት ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ጠዋት በር ስንከፍት ከርከሮ በፊት ጉልበቶቹ ተንበርክኮ ሣር ሲግጥ እናገኛለን። ትምህርት ቤት ቢረፍድብንም እስኪያልፍ እንጠብቀዋለን። እናቴ የድንች ልጣጭ ከአጥር ውጭ ከጣልን ትቆጣን ነበር፤ "ዛሬ ልጣጭ ያበላችሁት ነገ ጓሮዬን ይገለብጠዋል" ትላለች። ማታ ማታ ደግሞ የደጋ አጋዘኖች ከኮሶና ከጽድ ዛፎች ሥር እየወጡ በጨረቃ ብርሃን ቆመው ይታያሉ። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። እኛ ልጆቹ ግን ይህን አናውቅም፤ የሁሉም ሰው ደጅ እንደ እኛ ደጅ ይመስለን ነበር።

የአባቴ ልብ ግን ከሁሉም በላይ ቀይ ቀበሮ ላይ ነበር። በመላው ዓለም ያሉት ከ500 አይበልጡም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው። ጎረቤቶቻችን በኦሮምኛ የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ የምትወልድ ፈረስ ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ይበላል ስለሚባል። አድኖ የሚኖረው ግን በአብዛኛው በአይጥና በፍልፈል ነው። ትልቁ ጠላቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በሽታው የሚደርስበትም ከእረኞች ውሾች ነው። በ1996 ዓ.ም. ወብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በዚሁ በሽታ አልቀዋል። አባቴ ሬሳቸውን ከለቀሙት አንዱ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ ወሬ ይለውጣል።

ከዚያ ወዲህ ውሾችን የሚከትቡ ሰዎች በየመንደሩ ይመጡ ነበር። እኛም ቡቺ የሚባል ቡናማ ውሻ ነበረን። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ የክትባቱ ቀን ደረሰ፤ አባቴ ሥራ ስለነበረው "ቡቺን ይዘህ ሂድ" ብሎኝ ወጣ። በዚያ ሰሞን አንድ የሰፈር ልጅ ውሻው ከተከተበ በኋላ እንደሞተበት ነግሮኝ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። ቡቺን ይዤ ወንዝ ዳር ወረድኩና ከሰዓት በኋላ እስኪሆን ተደብቄ ዋልኩ። ማታ አባቴ "አስከተብከው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ። አንዲት ቃል ናት፤ ስትወጣ ምንም አልከበደችኝም።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወብ ሸለቆ ይዞኝ ሄደ። ቡቺን ቤት አስረነው ነበር የወጣነው። ረፋዱ ላይ አንዲት ቀበሮ አየን። ሆዷን ከሣሩ ጋር አጣብቃ፣ አንድ እግር ታነሣለች፣ ትቆማለች፣ ሌላ እግር ታነሣለች። ፊት ለፊቷ ትልቅ ፍልፈል ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሣር ይሰበስባል። አባቴ ትከሻዬን ጨብጦ "አትተንፍስ" አለኝ።

በዚህ ጊዜ ከኋላችን ጩኸት ተሰማ። ቡቺ ገመዱን በጥሶ ዱካችንን ተከትሎ መጥቷል። አልፎን ሮጠ፤ ፍልፈሉ ገባ፤ ቀበሮዋ ግን አልሸሸችም። ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ተሸታተቱ፤ አንዴም ተናከሱ። አባቴ እየጮኸ ሲደርስ ቀበሮዋ እየዘለለች ወደ ጓደኞቿ ሄደች። የመንጋው አባላት ተራ በተራ መጥተው አፏን ላሱ።

አባቴ ቡቺን አስሮ ላቡን ጠረገ። "እንኳን ተከተበ" አለ።

ማታ ድንኳን ውስጥ በሶ በጥብጦ ባርኔጣውን አወለቀና ጸለየ። ስለ ምግቡ አመሰገነ፤ ከዚያም ውሻው አስቀድሞ እንዲከተብ ስላደረገልን ጌታን አመሰገነ። "አሜን" የምልበት ቦታ ሲደርስ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሰው ለዋሸሁት ውሸት እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"አባዬ፣ ቡቺ አልተከተበም" አልኩት።

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመታኝም። ለረጅም ጊዜ ፋኖሱን እያየ ዝም አለ።

"ምናልባት እኮ በሽታው የለበትም" አልኩ።

"ምናልባት። ጠዋት አውቅ ነበር፤ አሁን ግን አላውቅም። ልጄ፣ የወሰድክብኝ ይህን ነው።"

ሳይነጋ ተነሥተን ቡቺን በገመድ እየሳብን ተመለስን። አባቴ እኔን ውጭ አቁሞ ወደ አለቃው ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁት፤ "የቤቴ ውሻ አልተከተበም። ሸለቆ ገብቶ ከቀበሮ ጋር ተናክሷል። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። ስሜን አልጠራም። ቢጠራኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ቡቺ ተከተበ፤ ለብዙ ወራትም ታስሮ እንዲጠበቅ ተወሰነ። ማጉረሱ፣ ማጽዳቱ፣ ምራቁ መዝረክረኩንና ጠባዩ መለወጡን ማየቱ የእኔ ሥራ ሆነ። እርሱ እኔን ሲያይ ጅራቱን ይቆላል፤ እኔ ደግሞ እርሱን ሳይ ወብ ሸለቆን አስባለሁ። የመንጋው ቀበሮዎች ሰባት ነበሩ። አባቴ ከቅኝት ሲመለስ ገና ከፈረሱ ሳይወርድ "ስንት ናቸው?" እለዋለሁ። "ሰባት" ይለኛል፤ ያን ሌሊት እተኛለሁ።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን "ስድስት" አለኝ።

የጠፋችው ያቺው ከቡቺ ጋር የገጠመችው ነበረች። እናቴ ያቀረበችልኝን እራት አልበላሁም። ጨለማ ውስጥ ተኝቼ፣ ወንዝ ዳር የተደበቅሁበትን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ደጋግሜ ኖርኩት። በቀጣዩ ቅኝትም ስድስት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላም ስድስት።

በወሩ መጨረሻ አባቴ ከሩቅ እያፏጨ መጣ። ሳልጠይቀው "አሥራ አንድ" አለኝ። አልገባኝም። ለካስ ቀበሮዋ ጉድጓድ ውስጥ ነበረች፤ አራት ቡችሎች ወልዳ፣ ሌሎቹ ሲመግቧት ሰንብተዋል። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ሳቀ። እኔ ግን ፈረሱን ለማሰር የሄድኩ መስዬ ከጀርባው ቆሜ አለቀስኩ።

የተረፍነው እኔ ስለተናዘዝኩ አይደለም። ቡቺ በሽታው ይዞት ቢሆን ኖሮ ኑዛዜዬ የተናከሰችውን ቀበሮ አያድናትም ነበር። ይህንን አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ማታ ዝም ብል ኖሮ፣ እነዚያን ወራት አባቴ እንደተከተበ አምኖ ቡቺን ይፈታው ነበር፤ እኔም ለብቻዬ እቆጥር ነበር። ከተናገርኩ በኋላ የቆጠርነው አብረን ነው።

ቡቺ አርጅቶ ሞተ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ግን የቀድሞ ባልደረቦቹ ከቅኝት ሲመለሱ ደጅ ወጥቶ ያናግራቸዋል። እኔም ከሐዋሳ ስደውልለት ከጤናውና ከከብቱ ቀጥዬ አሁንም ያችኑ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ።